ጋሼ እየጸለየ ነው

የእህቴ ባል ለሦስት ቀን የጸሎት ጉባኤ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ጉንፋንና ሙሉ ልብ። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀው።

እስከዚያ ቀን ድረስ በግማሽ ልብ ይኖር እንደነበር የነገረን እሱ ራሱ ነው። ሰባኪው «ለጌታ ልባችሁን በችርቻሮ አትስጡ» ብሏል አሉ። እሱ ነጋዴ ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባውና በጅምላ ሰጠ። በመጀመሪያው እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ አፍ ውሸት አይወጣም» አለ፤ ሌላ አፍ ያለው ይመስል አፉን በጣቱ እያሳየ። አዳራሹ አጨበጨበ። «ሙሉ ልብ» የሚል ስም የወጣለት ያን ቀን ነው። እኔ ፊት ለፊት ጋሼ ነው የምለው፤ ከጀርባው ግን እኔም ሙሉ ልብ እለዋለሁ።

ሥራችን አሮጌ ፍሪጅ ነው። እሱ ይገዛል፣ እኔ እጠግናለሁ፣ እሱ ይሸጣል። ሱቁ ፊቱ መስታወት ነው፤ ውስጡ አሥራ አራት አሥራ አምስት ፍሪጅ በሁለት ረድፍ ይቆማል፤ ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ በር የምትዘጋ ጠባብ ክፍል አለች፤ የሞተ ሞተር፣ የተነቀለ በርና የደረቀ ጎማ የምንከምርባት። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የእናቴን ፍሪጅ አበላሸሁ፣ የእሱን ሚስጥር ለማወቅ የአራት ጎረቤት ፍሪጅ አበላሸሁ፣ በስድስተኛው ገባኝ።

አሮጌ ፍሪጅ ያለ ውሸት አይሸጥም። ቀለሙ ራሱ ውሸት ነው። ገዢው «ሞተሩ ተነክቷል?» ይላል፣ «በፍጹም» ትላለህ። «ጋዝ ተሞልቷል?» ይላል፣ «ከፋብሪካ የመጣው ነው» ትላለህ። ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። እንደ ሰላምታ ነው፤ ጥርሱን ያመመው ሰውም «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» ይላል።

እንግዲህ የማይዋሽ ሰው ይህን ሱቅ እንዴት አድርጎ እንደሚያስተዳድረው ለማየት ከማንም በላይ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። ብዙም አልጠበቅኩም። ሰኞ ጠዋት አንድ ሹፌር መጣና ባለ ሁለት በሩን ነጭ እየዳበሰ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ የራሱ ነው?» አለ። ሞተሩን ባለፈው ሐሙስ ከሌላ ሬሳ አውጥቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ልብ ጣሪያውን አየ። ቀጥሎ ሰዓቱን አየ።

«የጸሎት ሰዓቴ ደርሷል» አለ። «ወንድሜ ያስረዳሃል።»

ወደ ኋላ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። አስረዳሁት። ገዛ። ሙሉ ልብ ሲወጣ «ምን አልከው?» ብሎ አልጠየቀኝም። «ጌታ መልካም ነው» አለ ብቻ።

በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ወር ሠራን። እሱ ይጸልያል፣ እኔ እዋሻለሁ። የጸሎት ሰዓቱ በቀን ሦስት ጊዜ ነው ብሎ ነበር፤ ገበያ የደራ ቀን ግን ዘጠኝም አሥርም ይደርስ ነበር። ገዢ ጠፍቶ በዋለበት ቀን ሲጸልይ አይቼው አላውቅም።

አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ውሸት ገሃነም ብገባ አንተ ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

ከልቡ አዘነልኝ። «ስለ አንተ ሸክም አለኝ። በስምህ እየጸለይኩ ነው» አለ።

እውነቱን ነው፤ በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ይሰማል። እሱ እዚያ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ውሸታም አስበው» ሲል፣ እኔ እዚህ «ከፋብሪካ የመጣው ጋዝ ነው እናቴ፣ ይንኩት» እላለሁ። እኔም ብሆን ከእሱ የምሻል ሰው አይደለሁም። ልዩነታችን እኔ እሁድ እሁድ መተኛቴ ነው።

እህቴ ደግሞ ከእሱ በፊት ሃያ ዓመት ያመነች ናት። እምነቷን ግን እንደ ውስጥ ልብስ ነው የያዘችው፤ መኖሩ ይታወቃል፣ ማንም አያየውም። ባሏ ሲመሰክር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች ይባላል።

አሁን ወደ ግራጫዋ ልምጣ። ትንሽ ፍሪጅ ናት፣ እስከ ደረቴ ትደርሳለች። የቀድሞ ባለቤቷ በረዶ በቢላ ስትፈነቅል የፍሪዘሩን ግድግዳ በስታዋለች። ለእንዲህ ያለው ቀዳዳ መድኃኒቱ ፍሪዘሩን መለወጥ ነው። ሙሉ ልብ «በማጣበቂያ ድፈነው» አለኝ። ደፈንኩት፣ ጋዝ ሞላሁ፣ ላዩን ነጭ ቀባሁት።

«ጋሼ፣ ይህ አርባ ቀን ነው የሚይዘው። ቢበዛ ሁለት ወር» አልኩት።

«ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው» አለኝ።

ለለስላሳ መጠጥ ትሆናለች ብዬ ተውኩት። ለስላሳ ቢሞቅ የሚሞት ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንዲት ሴት ገባች። ሰማያዊ የጽዳት ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባለች፤ ጣቶቿ በበረኪና ነጥተዋል። ትምህርት ቤት የምታጸዳ ናት፤ የሙሉ ልብ አዳራሽ ሰው ናት፣ ከኋለኛው ወንበር። እኔን «ጌታ ይባርክህ» ብላ አለፈችኝና እሱ ፊት ቆመች።

«ወንድም ሙሉ ልብ፣ ልጄ ስኳር አለባት» አለችው። «አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። መርፌዋ ብርድ ይፈልጋል። እስካሁን የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነበር የማስቀምጥላት፤ ማክሰኞ ለእረፍት ይዘጋል። አምና በእረፍቱ ባልዲ ውሃ ውስጥ አስቀምጬው ተበላሽቶ ኖሮ፣ ሳላውቅ የተበላሸውን እየወጋኋት ሆስፒታል በሸክም አደረስኳት።»

«አይዞሽ፣ ጌታ አለ» አለ ሙሉ ልብ።

«አለ። ሌላ ሱቅ አልሄድኩም። እኔ ፍሪጅ አላውቅም፣ እርስዎን ግን አውቃለሁ። ሲመሰክሩ ሰምቻለሁ።»

ረድፉን ዞራ አየች፤ አቅሟ ወደ ግራጫዋ መራት። እጇን በሯ ላይ አድርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«ይቺ ትሆነኛለች? አትከዳኝም?»

ሙሉ ልብ ጣሪያውን አየ። ሰዓቱን አየ። «የጸሎት ሰዓቴ ደርሷል» አለ። «ወንድሜ ያስረዳሻል።»

በሩ ተዘጋ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ እሷ በእጇ አስቆመችኝ።

«አትድከም ወንድሜ። እሳቸው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።»

«ጸሎቱ ረጅም ነው።»

«ረጅም ጸሎት ደስ ይለኛል» አለችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

የሙሉ ልብ ጸሎት በተለምዶ አሥር ደቂቃ ነው፤ አንድ ፍሪጅ የሚሸጥበት ጊዜ። በአሥረኛው ደቂቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህን አውቀዋለሁ፤ ገዢው መሄድ አለመሄዱን የሚያዳምጥበት ነው። ጸጥ ሲል ሴትየዋ ተራዋ የደረሰ መስሏት፣ «አሜን» አለች።

ከውስጥ ጸሎቱ እንደገና ተነሳ።

ለበሽተኞች ጸለየ። ዝም አለ። «አሜን።» ለመበለቶች ጸለየ። ዝም አለ። «አሜን።» ለመንገደኞች፣ ለእስረኞች፣ ለአዳራሹ ጣሪያ ጸለየ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰላም የሌላቸውን አገሮች በሙሉ አዳርሶ ሰላም ያላቸውን ጀመረ። እሷ አንዱንም አላለፈችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ እያንዳንዱን ከልቧ ነበር የምትቀበለው። እኔ በሰው እምነት መሳቅ እወዳለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሌላ መዝናኛ የለኝም። በእሷ ላይ ልስቅ ሞክሬ አቃተኝ።

አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ወዳጃችን በሩን ገፋ አድርጎ፣ «ጋሼ የለም?» አለ።

«ጋሼ እየጸለየ ነው።»

«ገና ጠዋት ሳልፍ እየጸለየ አልነበር እንዴ?»

«ያው ነው። አልጨረሰም።»

ሴትየዋን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ። «ክንፍ ካበቀለ ጥራኝ፤ በዚያ በር አይወጣም» ብሎ ሄደ።

በርጩማዋ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። «እህቴ፣ ይቺን አትግዢ» አልኳት በለሆሳስ።

«ለምን?»

«ፍሪዘሯ ተበስቷል። የደፈንኩት እኔ ነኝ። አርባ ቀን ትሠራለች፣ ከዚያ ሳትነግርሽ ትሞቃለች።»

ሙሉ ልብ ባዘነልኝ ዓይነት ሳይሆን በእውነት አዘነችልኝ። «ወንድሜ፣ ስለ አንተ እሳቸው ነግረውናል» አለች። «በየረቡዑ እንጸልይልሃለን።»

«ምን ብላችሁ?»

«ከውሸት እንዲያወጣህ።»

«አውጥቶኛል እኮ። አሁን፣ ፊትሽ።»

«እንዲህ በአንዴ አይሆንም» አለችኝ። «ጊዜ ይወስዳል። አንተ ብቻ ተስፋ አትቁረጥ።»

አሥራ አንድ ወር ስዋሽ ያላመነኝ ገዢ አልነበረም። የመጀመሪያዋን እውነት ሳወጣ የሚገዛኝ ጠፋ። ተነስቼ ወደ ቆርቆሮው በር ሄድኩና ገባሁ።

ሙሉ ልብ የሞተ ሞተር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ዓይኑ ክፍት ነው። አፉ «አቤቱ፣ አቤቱ» እያለ በእጁ ወደ ሱቁ ጠቆመኝ፤ «ሄደች?» ማለቱ ነው።

«አልሄደችም። አንተን ነው የምትጠብቀው» አልኩት።

«ምነው አታስረዳትም?»

«አስረዳኋት። ፍሪዘሩ ተበስቷል አልኳት።»

ኪሱ ስገባ እጅ ከፍንጅ የያዘኝ መሰለ። «አንተን ማን እውነት ተናገር አለህ?»

«አላመነችኝም፣ አይዞህ። ስሜን አጥፍተህ ጨርሰሃል። ውጣና አንድ ቃል ንገራት፣ ‹አትሆንሽም› በላት፤ አለቀ።»

«ስለ አንዷ ከተናገርኩ ስለ ሌሎቹም ሊጠይቁኝ ነው» አለ። «ነጩን ይጠይቁኛል። ባለ ሁለት በሩን ይጠይቁኛል። ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።»

«ታዲያ ቃል ገብተህ የለም ወይ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ያለው በቀልድ አልነበረም፤ አስቦበት፣ ምናልባትም ጸልዮበት ነው። «ከዚህ አፍ ውሸት አይወጣም አልኩ እንጂ፣ እውነት ይወጣል አላልኩም» አለ።

ዝምታው ረዝሞ ኖሮ ከወዲያ «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ። እሱም «አቤቱ ጌታችን» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ። በሩን ዘጋሁበት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ምሳ በሳህን ይዛ መጣች። ሴትየዋን በእጇ ሰላም አለችና፣ «የታለ?» አለችኝ።

«ጋሼ እየጸለየ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስት ሰዓት ተኩል።»

የልጅቷን መርፌና የማክሰኞውን ነገር ለእህቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ሳህኑን አንድ ፍሪጅ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን አነሳች። ሽታው በቆርቆሮው ሥር ገባ መሰለኝ፣ ጸሎቱ አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆመና ሙሉ ልብ «አሜን» ብሎ ወጣ። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ሴትየዋ ተነስታ ቆመች። ለሦስት ሰዓት የጠበቀችው ሰው ነው።

«እህቴ፣ ጸለይኩ» አላት። «ስለዚች ፍሪጅ ልቤ ውስጥ ሰላም አለ።»

«ሰላም አለ?»

«ፍጹም ሰላም።»

ልብ በሉ፤ አልዋሸም። ሰላም ነበረው። በርሃብና በጉልበት ሕመም መሃል እንኳ ሰላም ነበረው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሰላም አያጣም። ሴትየዋ «ተመስገን» ብላ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች።

ቃሌ ዋጋ እንደሌለው ከጠዋት ጀምሮ አውቄዋለሁ። የነበረኝ ካቻቢቴ ነው። የግራጫዋን በር ከፈትኩ፣ የፍሪዘሩን ክዳን አነሳሁ፣ ነጭ ከቀባሁት ድፍን ሥር ካቻቢቴውን አስገብቼ ፈነቀልኩት።

ጋዙ መውጣት ጀመረ። ድምፁ ሰው በጥርሱ መሃል አየር ሲስብ ይመስላል፤ ረጅም ነው፣ አይጣደፍም። አራታችንም ቆመን ሰማነው። እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ሞተሩ ብቻ በባዶው ሲያጉረመርም ሶኬቱን ነቀልኩት። ድፍኑ የታኘከ ማስቲካ ያህላል፤ ሴትየዋ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሰላሙ ይኸውልሽ» አልኳት።

መዳፏን ለረጅም ጊዜ አየችው። ልጇን እያየች ነበር ማለት ይቀለኛል፤ ምን እንዳየች ግን እሷ ታውቃለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ወንድም ሙሉ ልብ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» አለችው።

ጣሪያውን አየ። ሰዓቱን ሊያይ ሲል እህቴ ቀደመችው።

«ቤት ያለውን ፍሪጅ ትውሰድ» አለች።

የቤታቸውን ፍሪጅ እኔ አውቀዋለሁ። እሱ በሱቁ ካለፉት ሁሉ መርጦ፣ ሞተሩ ያልተነካ፣ ጋዙ በእውነት ከፋብሪካ የመጣ ብቸኛውን ለራሱ ቤት ነው ያስቀረው።

«እንዴት ተደርጎ?» አላት።

«ልጅቷ እስከ ማክሰኞ ነው ያላት። ሁሉን ሰጥቻለሁ ብለህ የለ? ይሄ ከሁሉ ውስጥ ነው። ምን ትላለህ?»

ሙሉ ልብ ምሳውን አየ። «እንዲህ ያለ ነገር በስሜት አይወሰንም» አለ። «ልጸልይበት።»

«ጸልይበት» አለች እህቴ። «እስክትጨርስ እንጭናለን።»

ሌላ መሄጃ አልነበረውም፤ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባ። ምሳውን ሳይበላ ነው የገባው፤ ከአሥራ አንድ ወሩ ሁሉ መሥዋዕትነት ብዬ የምቆጥርለት ይህን ብቻ ነው።

ቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ጋሪ ተከራየሁ። እህቴ የፍሪጁን ዕቃ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው፤ ሽንኩርቱን፣ ወተቱን፣ የባሏን የጨጓራ ሽሮፕ። ሴትየዋ በሩ አጠገብ ቆማ፣ «እሳቸው ሳይፈቅዱ?» አለች።

«አልከለከለም» አለች እህቴ። «እምቢ ካለ እሰማዋለሁ፤ አፉን አውቀዋለሁ።»

ሴትየዋ ለግራጫዋ ያመጣችውን ብር ለእህቴ ሰጠቻት። እህቴም ምጽዋት እንዳይመስል ተቀበለቻት።

ወደ ሴትየዋ ቤት የሚወስደው መንገድ በሱቁ ፊት ነው የሚያልፈው። እኔ ጋሪውን እጎትታለሁ፣ እነሱ ከሁለት ጎን ፍሪጁን ይደግፋሉ። በሩን ክፍት ትተነው ነበር፤ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። አገሮቹን ጨርሶ ወደ ባሕር ላይ ሰዎች ደርሷል። ልክ ስናልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ፤ እያዳመጠ ነው።

ሴትየዋ እጇን ከፍሪጁ ሳታነሳ ወደ ሱቁ ዞር አለች። «አሜን» አለች፣ ጥርት አድርጋ።

ከውስጥ ጸሎቱ ቀጠለ። እህቴ ሳቋን ለመያዝ ግንባሯን ፍሪጁ ላይ ደገፈች። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። «ባሕር ላይ ያሉ ሰዎች ምን አጠፉ?» አለችኝ። «ጸሎቱ ለእነሱ ነው።»

እሁድ ዕለት ሙሉ ልብ መሰከረ። እኔ ተኝቼ ነበር፤ የነገረችኝ እህቴ ናት። በጸሎት ላይ ሳለ ጌታ ተናግሮት የቤቱን ፍሪጅ ለአንዲት ድሃ እህት እንደሰጠ፣ የሽንኩርት ሽታ ቤቱን እንደሞላው፣ ግን ደስታው ወደር እንደሌለው ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስለ ድፍኑ አላነሳም፤ ያም ውሸት አይደለም። የእህቴ ቦርሳ ዚፕ ያን ቀን ተሰበረ።

ልጅቷ ደህና ናት። በወር አንድ ጊዜ ሄጄ የፍሪጁን የበር ጎማ አያለሁ፤ ልጅቷ የብርዱን መጠን በየቀኑ ደብተር ላይ ትጽፍና እንደ አስተማሪ ታሳየኛለች። እናቷ አሁንም በየረቡዑ ትጸልይልኛለች። «ለውጥ እያየሁብህ ነው» ብላኛለች።

ሙሉ ልብ ሊያባርረኝ ፈልጎ ነበር። ልጸልይበት አለ፤ እስካሁን አልጨረሰም።

ባለፈው ሳምንት ያ ቧንቧ ሠራተኛ የሚስቱን ወንድም ይዞ መጣ፤ ፍሪጅ ሊያጋዛው። በረድፉ መሃል ቀስ እያለ ይሄዳል። አንዱ ላይ እጁን ያሳርፍና ፍሪጁን ሳይሆን ጋሼን ያያል። «ይሄስ ጋሼ?» ሙሉ ልብ ጣሪያውን ያያል። ቧንቧ ሠራተኛው እጁን አንስቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ይሄስ?» ሰዓቱን ያያል፤ ያልፋል። አምስተኛው ላይ ሙሉ ልብ፣ «ይሄ ደህና ነው» አለ።

«ይሄን ጫኑልን» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

ሙሉ ልብ ሲሄዱ በመስታወቱ አሻግሮ እያየ፣ «አየህ፣ ሰው ወደ እውነት እየተመለሰ ነው» አለኝ።